ቅቤ የጠጣ ክላሽ

መርካቶ ውስጥ ስለ ክላሽ የማያውቅ ሰው የለም። ክላሽ ያለውን ሰው ግን ፈልጋችሁ አታገኙትም። የሰፈራችን ጠባይ ነው፤ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ መርከብ ጭነት ሲከራከር ይውላል፣ በግ አርዶ የማያውቅ ስለ በሬ ሥጋ ያስተምራል። እኔም አንድ ተራ የጆንያ ነጋዴ ሆኜ ሳለ «ክላሽ አይወለወልም» እያልኩ ስንቱን አፍ አስይዣለሁ። ጭቃ ውስጥ ቅበረው፣ ክረምቱን እዚያው ይክረም፣ አውጥተህ አራግፈህ ተኩስበት፤ ክላሽ ማለት ይሄ ነው። ማን እንደነገረኝ አላስታውስም። መርካቶ ውስጥ ወሬ እንደ አሮጌ ጆንያ ነው፤ መጀመሪያ ምን እንደያዘ ማንም ሳይጠይቅ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ከአንድ ክረምት ወዲህ ግን ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ምክንያቱን ላጫውታችሁ ነው። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን ሰው እስኪመጣ ብታቆዩት ይሻላል።

ሱቄ ጭድ ተራ ነው። ጭድ ተራ ውስጥ ጭድ የለም። ስሙን አምኖ ለበጉ ጭድ ሊገዛ የመጣ ሰው ጆንያ ተሸክሞ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዳንዱን የሸጥኩለትም እኔ ነኝ። ከሱቁ ጀርባ ለሦስት የምንጋራው ግቢ አለ። እኔ ጆንያና ሲባጎ የማከማችበት መጋዘን አለኝ፣ ሐጂ ሸምሱ የፕላስቲክ ባልዲና ሳፋ ያስቀምጣሉ፣ እትዬ የሺ ደግሞ ጥግ ላይ ምግብ ቤት ከፍተዋል። አንድ የብረት በር፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ ክላሽ አለን። ክላሹ የተመዘገበው በእኔ ስም ነው። ቀበሌው «በአንድ ሰው ስም ይሁን» ሲል ሐጂ «እኔ መካ ደርሼ የመጣሁ ሰው ነኝ» አሉ፣ እትዬ የሺ «እኔ ሴት ነኝ» አሉ፣ እኔ ምን እንደሆንኩ እያሰብኩ ሳለ ስሜ ተጻፈ።

ዘበኛችን ጋሼ ደምሴ የጎጃም ሰው ናቸው። የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ከካምፕ ወጥተው መርካቶ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ከብረት በሩ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ይኖራሉ። ሌላ ቤት የላቸውም፣ የሚጠይቃቸው ዘመድም አይቼ አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ኩሊው ጭነቱን አራግፎ ነጋዴው ሱቁን ሊዘጋ ሲል፣ በሩ ላይ የቢራ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ። ጆንያ ያነጥፉና ክላሹን ይፈታሉ። እያንዳንዱን ብረት በጨርቅ ይወለውላሉ፣ አንዳንዴም ያናግሩታል። መልሰው ከገጠሙት በኋላ ያቀባብሉታል። ቀጭ ቋ። ያን ጊዜ በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ፣ ጋሪ ገፊውም፣ ሎተሪ አዟሪውም፣ ለአንድ አፍታ ዝም ይላል። ከዚያ ጫጫታው ካቆመበት ይቀጥላል።

«ጋሼ፣ ይሄኮ ክላሽ ነው። አይወለወልም» እላቸው ነበር።

«እሱን ለጭቃው ንገረው» ይሉኛል ቀና ሳይሉ።

በዚያ ክረምት የጋሼ ደምሴ እግር አበጠ። ሐኪም ቤት ተመላለሱ፣ አልሆነም። ራቅ ያለ ቦታ ፀበል ሊጠመቁ ተነሡ። ይህን ጊዜ ሐጂ ሸምሱ ሰበሰቡንና ነገሩን ቆረጡት።

«ደምሴ እስኪመለስ ቦታው የሱ ነው» አሉ። «ግን እሱ በሌለበት ይህን ግቢ ሌባ ከደፈረው፣ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ከኤጀንሲ አመጣለሁ። ያቺ ቆርቆሮም ትፈርሳለች።»

ሐጂ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። በፆማቸው ወር ለጋሼ ደምሴ ሳምቡሳ የሚልኩት እሳቸው ናቸው። ንብረት ግን ንብረት ነው። ጋሼ ደምሴ ክላሹን ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ወልውላት። በሩ ላይ ቁጭ ብለህ። ውስጥ እንዳታደርገው።»

«እሺ ጋሼ።»

«ስትጨርስ አቀባብላት። እንዳትረሳ።»

«ጥይቱስ የት ነው?»

«ጥይት አያስፈልግህም» አሉኝና ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። አላመኑኝም ማለት ነው ብዬ ቅር አለኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ዘነበ። በዝናብ ጠመንጃ አይወለወልም አልኩና ተውኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናቡ ተወኝ፤ ያን ዕለት ደግሞ ክላሽ አይወለወልም የሚለው ዕውቀቴ ትዝ አለኝ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ አፍሬ ነው። የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ክላሽ ስወለውል ደንበኛ ቢያየኝ፣ «ባለጆንያው ከስሮ ዘበኛ ሆነ» የሚለው ወሬ እኔ ከሳጥኑ ሳልነሣ አብነት ሰፈር ይደርሳል። ክላሹን መጋዘኔ ውስጥ፣ ጆንያ ክምር ላይ፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አድርጌ አጋደምኩትና በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉም የእኔ ብቻ ነው።

በዚያው አመሻሽ አንድ ሰው ሱቄ መጣ። ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሰላምታው የተሟላ ሰው ነው። አንድ ጆንያ ገዛ። ጆንያ በነጠላ የሚገዛ ጤነኛ ሰው አይቼ አላውቅም። አጣጥፎ ብብቱ ሥር ካደረገው በኋላም አልሄደም፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወደ ግቢው አዳመጠ።

«ያ ድምፅ ዛሬም የለም» አለኝ።

«የቱ ድምፅ?»

«የቅዳሜው።» ፈገግ አለ። «ሽማግሌው ደህና ናቸው?»

ደህና ናቸው አልኩት። እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ሄደ። ለሰው የሚያስብ ሰው ነው አልኩ በልቤ፤ ከሄደ በኋላ ግን ሱቄን ከወትሮው ቀድሜ ዘጋሁ።

ወሩ ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታ ገብቷል። እትዬ የሺ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ጠመንጃ ባለበት ቤት ማደጋቸውን በየምሳው ይነግሩናል።

«ያን መሣሪያ ወለወልከው?» አሉኝ ሽሮ እያቀረቡ።

«ክላሽ አይወለወልም እትዬ።»

«ካልወለወልከው እንኳ ቅባው። አባቴ ምንሽሩን ቅቤ ይቀባው ነበር። ብረትም እንደ ሰው ራስ ይደርቃል።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ «ለጋ ቅቤ ግን የለኝም። ያለኝ የተነጠረ ነው፣ ጾሙ ከገባ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።»

ይህ ምክር ለእኔ ተስማማኝ። መቀባት መጋዘን ውስጥ ተደብቆ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ማንም አያይም። ኮረሪማና ኮሰረት የሚሸተውን ቅቤ ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ለቀለቅኩት። ለክረምቱ ይበቃው ብዬ በየቀዳዳውም ጠቀጠቅኩለት። አገር ምድሩ በጾም ላይ እያለ የገደፈው የእኛ ክላሽ ብቻ ነው።

ቀጣዩ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ደመና ነበር። አመሻሽ ላይ ሱቁን ልዘጋ ወደ ግቢው ገባሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ከተቆለፈው መጋዘን ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ሽ… ሽ… ሽ። ጨርቅ ብረት ላይ ሲሄድ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ ሳይቸኩል፣ እያረፈ። ቆሜ ቀረሁ። ደንበኛ ረስቼ ቆልፌበት ይሆን ብዬ ተጽናናሁ፣ ግን ያን ቀን አንድም ደንበኛ መጋዘን አልገባም። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ትንሽ ዝም አለና፣

ቀጭ ቋ።

መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ለአንድ አፍታ ዝም አለ። እኔ ብቻዬን ሰምቼው ቢሆን ጆሮዬን እጠራጠር ነበር። አሁን ግን ጭድ ተራ በሙሉ ሰማ። ፈሪ ለእናቱ ነው ይባላል፤ እናቴ በዚያ ሰዓት ብታየኝ ኖሮ በልጅዋ ትደሰት ነበር፣ ምክንያቱም ሐጂ ሸምሱ ጀርባ ተሸሽጌ ነበር። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ እኔም አላውቅም።

ሐጂ የቁርአን አንቀጽ እየቀሩ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ በሩን ከፈትነው። ሰው የለም። የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ባሉት የሚስማር ቀዳዳዎች የምትገባው ትንሽ ብርሃን ጆንያው ላይ ወድቃለች። ወደ ግድግዳው ዞሮ የተኛው አፈሙዝ አሁን በሩን፣ ማለትም እኛን፣ ያያል። ቅቤ የለቀለቅኩት ሰደፍ ጥርት ብሎ ያበራል። አንዲት የቅቤ ጠብታ የለበትም።

«ወልውለኸዋል እንዴ?» አሉ ሐጂ።

«እኔ አልነካሁትም።»

እትዬ የሺ ከኋላችን ደርሰው ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ደምሴ ዐርፈዋል» አሉ ቀስ ብለው። «ሰዓታቸውን ጠብቀው መጥተው ወለወሉት። አንተ እምቢ ስላልክ።»

እስካሁን ስፈራ የነበረው በከንቱ ኖሯል፤ የሚያስፈራው ይሄ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሌላ ነገር ገጠመን። ከእኛ ጋር አጥር የሚዋሰነው ግቢ ተዘርፏል። እዚያም ዘበኛ አለ፣ ክላሽም አለው፤ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው የተገኘው። እኛ በር ስንመጣ ጓጉንቸሩ ላይ አዲስ የመጋዝ ጠባሳ አለ። እስከ ግማሽ ቆርጠው ትተውታል። ምን ሰምተው እንደተዉት የሚነግረን የለም።

ሐጂ ጠባሳውን በጣታቸው ዳበሱት።

«የነገ ሳምንት ሰኞ የኤጀንሲው ልጆች ይመጣሉ» አሉ።

«ሐጂ፣ ገብተው እኮ አልሰረቁም።»

«በሬን ነክተዋል። እስኪገቡ ነው የምጠብቀው?»

ጋሼ ደምሴ ሞተው ከሆነ ቆርቆሮዋ ብትፈርስም ግድ አይላቸውም። በሕይወት ካሉ ግን በዚያ እግራቸው ተመልሰው የሚገቡበት የላቸውም። እኔ ያቺን የቢራ ሳጥን አፍሬ ባልሸሻት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ይህን ሳስብ ምሳ አልበላ አለኝ፤ እትዬ የሺም ጾም ያጠበቅኩ መስሏቸው አከበሩኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ክላሹን አንዱ ሲለቀው ሌላው ይይዘዋል። እትዬ የሺ ፀበል በጀሪካን አምጥተው አጠመቁት። ብረት ውኃ ሲነካው የሚሆነውን ሆነ፣ ዛገ። ሐጂ በበኩላቸው በፀበሉ ብቻ ስላልተማመኑ ጥቁር አዝሙድ አጨሱበት፤ ጭሱ በየቀዳዳው የቀረው ቅቤ ላይ ተለጠፈ። ቅቤው በብርዱ ረጋ። በመጨረሻ ወጥ ይሁን መሣሪያ ለመለየት የሚያስቸግር ነገር ሆነ። ሌሊት ሌሊት ያቃስታል ተብሎ ተወርቷል አሉ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እኔ የሰማሁት ከሁሉ በኋላ ነው። ኩሊዎች የግቢያችንን በር ተደግፈው ማረፍ ተዉ። ስለ ጋሼ ደምሴ ወሬ እንዲያመጣልን ወደ ፀበሉ በሚሄድ የጭነት መኪና መልእክት ላክን፣ መልስ የለም።

ሰኞ ከመድረሱ በፊት ያለችው ቅዳሜ መጣች። አመሻሽ ላይ ባለግራጫ ካፖርቱ ሰውዬ ሱቄ ገባ። አሁንም አንድ ጆንያ ገዛ። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሰዎች ቆመው ወደ እኛ ያያሉ።

«ባለፈው የሰማሁት ከውስጥ ነው» አለኝ በዚያው ዝቅተኛ ድምፅ። «ግን በሩ ላይ ማንም አልነበረም።»

የጆንያውን ብር ቆጠርኩ።

«ሽማግሌው ሞቱ የሚባለው እውነት ነው?»

ሰው እያዘነ ሲጠይቅና ዋጋ እያወቀ ሲጠይቅ ልዩነቱ መርካቶ ላደገ ሰው አይጠፋውም። የመጋዙን ጠባሳ ማን እንዳሳረፈው ያኔ ገባኝ። «ቆይ፣ አሁን ትሰማለህ» አልኩትና ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ምን አባቴ ሆኜ እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

በሩን ስከፍት ያው ድምፅ አለ። ሽ… ሽ… ሽ። በዚህ ጊዜ ሐጂ የሉም፣ የምሸሸግበት ጀርባ የለም። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምኩ። የክላሹ ማንገቻ ጆንያው ላይ ቀስ እያለ ይሳባል። አፈሙዙ ትንሽ ወደ እኔ ዞረ። ልጮኽ አፌን ስከፍት ሁለት ትንንሽ ዓይኖች አበሩ። ድመት የሚያካክሉ አይጦች ናቸው። አንዱ የሰደፉን ቀዳዳ ይልሳል፣ አንዱ ማንገቻውን በጥርሱ ይጎትታል፣ ሌላው አፈሙዙ ውስጥ አፍንጫውን ከቷል። እነሱም በፍልሰታ ከኛ ክላሽ በቀር ቅቤ ያገኙበት ቤት አልነበረም።

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። አባረርኳቸውና ክላሹን ይዤ ወጣሁ። የቢራ ሳጥኑን በሩ ላይ ገለበጥኩ። ጆንያ አነጠፍኩ። ባለካፖርቱ ሰውዬ ከሱቄ ደጃፍ፣ ጓደኞቹ ከማዶ ያያሉ። በጨርቅ አሸት አሸት አደረግኩትና ላቀባብለው ሳብኩ። አልሄደም። በሁለት እጄ ሳብኩ። ወይ ፍንክች። ጭቃ የማይበግረውን ክላሽ የእትዬ የሺ ቅቤ በግሮታል። ባለካፖርቱ ሰውዬ ፈገግ አለ። መንገዱ ጫጫታውን አላቋረጠም፤ እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ።

ያን ጊዜ ከራሴ በላይ አንድ እጅ መጣና ክላሹን ወሰደው። ቀና ስል ጋሼ ደምሴ ናቸው። ከስተዋል፣ ነጭ ለብሰዋል። ለትንሽ ጊዜ በሕይወት ያለ ሰው ይሁኑ ሌላ ነገር አልለየሁም። ከዘራቸውን ወደ እኔ ወረወሩ፣ ሰደፉን መሬት አስይዘው ማቀባበያውን በጫማቸው ተረከዝ መቱት። ተላቀቀ። አንሥተው ሳቡት።

ቀጭ ቋ።

ጭድ ተራ ዝም አለ። ጫጫታው ሲመለስ ባለካፖርቱ ሰውዬ የለም። ከማዶ የቆሙትም የሉም። የገዛው ጆንያ ደጃፌ ላይ ወድቋል።

ቆርቆሮ ቤታቸው ውስጥ ገብተን ክላሹን ሲፈቱት በየብረቱ ያገኙትን እያሸተቱ በጨርቅ ጠረጉት። ከመሣሪያው ልብ ያወጡትን ብረት ግን ወደ እኔ አዞሩት። መካከሉ ላይ ባዶ ቀዳዳ አለ።

«ጥይቱን የምትመታው መርፌ እዚህ ነበር የምትቀመጠው» አሉኝ። «እዚህ ግቢ ስገባም አልነበረችም።»

«ታዲያ አይተኩስም?»

«አትተኩስም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የሚወለውሉት?»

«ትተኩሳለች ብዬ መቼ ነገርኩህ? ቅዳሜ ቅዳሜ ትናገራለች። ሌባ የምትተኩሰዋን ፈርቶ አያውቅም፤ የሚፈራው ባለቤቷ ቁጭ ብሎ የሚንከባከባትን ነው። በሩ ላይ ቁጭ በል ያልኩህ ለዚህ ነው።»

አፈርኩ። ወሬውን ለማስቀየስ ብዬ የአይጦቹን ነገር አጫወትኳቸው፤ ሳቁ። ከዚያ ባለፈው ቅዳሜ ከተቆለፈው መጋዘን መንገዱን ዝም ያሰኘው ያ ድምፅ እንደተሰማ ነገርኳቸው። መሳቃቸውን አቆሙ።

«ማቀባበል ነው የሰማኸው?»

«ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«አይጥ ሰደፍ ይልሳል» አሉ። «አይጥ አያቀባብልም።»

ጨርቁን አስቀመጡ። «ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ፀበሉ ቦታ ተጋድሜ ነበር» አሉኝ። «እጄ በራሱ ተነሣ። አየሩን እወለውል ጀመር። ጋኔን ለፈለፈበት ብለው ሁለት ጎረምሶች ያዙኝ። ልቀቁኝ፣ አላቀባበልኩም ብዬ ጮኽኩ አሉ። ለቀቁኝ። አቀባበልኩና ተኛሁ። በማግሥቱ እግሬ ሟሽሾ ነቃሁ።»

ሁለታችንም ክላሹን አየነው። ክላሹም አየን፤ አፈሙዙ እንደተለመደው ወደ እኔ ነው።

ሰኞ የኤጀንሲ ልጆች አልመጡም። ሐጂ ሸምሱ ቅዳሜ ያን ድምፅ ከሱቃቸው ሆነው ሰምተዋል፣ ቆርቆሮዋንም አዲስ ጣሪያ አስመቱላት። «በትክክል ይሠራል አይደል?» ብለው ሲጠይቁኝ «ይሠራል» አልኳቸው። አልዋሸሁም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የቢራ ሳጥኖቹ ሁለት ናቸው። ጋሼ ደምሴ ይፈታሉ፣ እኔ እወለውላለሁ። ደንበኞቼ «ባለጆንያው ዘበኛ ሆነ» ማለት ጀምረዋል፣ ወሬው አብነትም ደርሷል። ባለፈው ጋሼ እጃቸው ደከመና ክላሹን ገጥመው ሰጡኝ። «ዛሬ አንተ» አሉኝ። መርፌ እንደሌለው በዓይኔ አይቻለሁ። ጥይት እንደሌለው አውቃለሁ። ሳብኩና ለቀቅኩት።

መንገዱ ዝም አለ። እኔም ፈራሁ።